አርባ በመቶ

ፕሮፖዛል ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይቺን ዓረፍተ ነገር አይስታትም። ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፤ አሁን ግን ከ3 በመቶ በታች ቀርቷል። ቦታዋ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ «የችግሩ መግለጫ» ከሚለው ርዕስ ሥር ነው። ከእርሷ ቀጥሎ የአፈር መሸርሸር ይመጣል፤ ከዚያ ድርቅ፣ ከዚያ ረሀብ፣ መጨረሻ ላይ በጀት።

እኛም ጽፈናታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለታችን አንድ ትልቅ የተፋሰስ ጥበቃ ማመልከቻ ከሚያዘጋጅ ቡድን ጋር ስድስት ሳምንት ተቀምጠናል። ሎግፍሬሙ ባለቤት አለው፤ የአምስት ዓመቱ በጀት ባለቤት አለው፤ የወረዳውን የድጋፍ ደብዳቤ ከነማኅተሙ የሚያመጣም ሰው ተመድቧል። «የችግሩ መግለጫ» ግን ቀላል ነው ተብሎ ለወጣቶቹ ይሰጣል፤ ካለፈው ፕሮፖዛል ገልብጦ የወረዳውን ስም መቀየር ነው። ለጋሹ በዚያ ዓመት ለእያንዳንዱ ቁጥር ምንጭ ይጠቀስ ባይል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እኛም የ40 በመቶዋን ምንጭ ፍለጋ ወጣን።

ያገኘነው ሰነድ ሌላ ሰነድ ይጠቅሳል፤ ያም ሌላ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለካ ከእኛ በፊት ይህንኑ መንገድ የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ሃልቮር ቮየን በ1995፣ የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ደግሞ በ1997 ጥቅሶቹን ወደኋላ ተከትለው ሲሄዱ መጨረሻው ላይ የተለካ ነገር አላገኙም። ዓመቷም ትንሸራተታለች። አንዱ ጋ 40 በመቶ የነበረው «በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ» ነው። አል ጎር ደግሞ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ያ ሁሉ ደን ያለቀው በአርባ ዓመት ውስጥ ነው ብሏል።

እስቲ በ1900 ማን ይለካው ነበር? የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላናቸውን ያበረሩት በ1903 ነው። በጊዜው ከነበሩት ምልክቶች አንዱ አዲስ አበባ ራሷ ናት። በእንጦጦ ዙሪያ ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሣ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ያዳነን በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ በየወርክሾፑ የሚረገመው ያው ባሕር ዛፍ ማለታችን ነው።

ከዚያም የሚቀድም ማስረጃ አለ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። የቤልጂጉ ያን ኒሰንና ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የተባበሩት ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆመው እንደገና ፎቶ አነሡ። ጥናታቸው በ2009 ሲወጣ ብዙ ሰው ያልጠበቀውን ነገር ይዞ መጣ። በ1868 ተራራው ቀድሞውንም የተራቆተ ነበር፤ አሁን ብዙው ቦታ ላይ ያኔ ካለው የበለጠ ዛፍና ቁጥቋጦ ይታያል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ደግሞ እርከኑና ከከብት የተከለለው ተራራ ነው። ፕሮፖዛሎቹ ያስገኙት ሥራ ማለት ነው። ቁጥሯ ባትጸናም ሥራው ቢያንስ እዚያ ፍሬ አፍርቷል፤ ይህንን ሳንናገር ብናልፍ አድሏዊ እንሆናለን።

እንዲያ ከሆነ ቁጥሯ ማንን ጎዳች? ወደ 1980ዎቹ መመለስ ግድ ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም «ፕሮጀክት 2488» በ1980 ተጀመረ፤ ከ1984ቱ ረሀብ በኋላም እጅግ ገዘፈ። ገበሬው እርከን ሲሠራና ችግኝ ሲተክል ይውልና የቀኑ ሒሳብ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። በ1986 የወጣው የፋኦ የደጋ መሬቶች ጥናት በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር ይጠፋል አለ። ከአንዱ ማሳ ታጥቦ ሌላው ላይ የሚያርፈውን አፈር ሒሳብ ውስጥ ያስገቡ የ1990ዎቹ ጥናቶች ጉዳቱን እጅግ ዝቅ አድርገውታል፤ ፕሮፖዛል ውስጥ የምታገኙት ግን የመጀመሪያውን ነው።

በጎጃም የርስት ሥርዓት ጥናቱ የሚታወቀው አለን ሆበን በ1995 እንዳሳየው፣ ታሪኩ ለሁሉም ይመች ነበር። ለጋሹ በአስቸኳይ የሚሰጥበት ምክንያት አገኘ፤ ድርጅቶቹ ሥራ አገኙ፤ ደርግ ስንዴና ገበሬውን የሚያደራጅበት መንገድ አገኘ። በታሪኩ ውስጥ አጥፊ ሆኖ የቀረበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ገበሬው፣ ደኑን የጨረሰው። አጥፊን ደግሞ ማን ያማክራል? ለደረቁ ሰሜን የተስማማው እርከን ዝናብ በሚበዛበት አገርም ተሠራ። እዚያ ውኃ አቆረ፣ የአይጥ መደበቂያ ሆነ፣ ከጠባቡ ማሳ ላይም ቀነሰ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ገበሬው በብዙ ቦታ እርከኑን አፈረሰ፣ የማኅበሩንም ደን ቆረጠ። ያም በተራው ለቀጣዩ ፕሮፖዛል «የችግሩ መግለጫ» ሆነ።

ሌላኛዋ ቁጥር፣ 3 በመቶዋ፣ የራሷ ዕጣ ደረሰባት። በ2015 ኢትዮጵያ የደንን ትርጉም ቀየረች፤ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ ሁለት ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ይበቃል ተባለ። እነ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ውስጥ ያለው ጥቅጥቅ ያለ የቆላ ጫካም ተቆጠረ። በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት በቀረበው ሰነድ ላይ የአገሪቱ ደን 15.5 በመቶ ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ ገንዘቡ የሚመጣው ላለቀው ደን ሳይሆን ላለውና ለሚጠበቀው፣ በካርቦን ሒሳብ ነበር። ማጭበርበር ነው አንልም፤ በሳተላይት የተሠራ ነው። ያው ሰነድ በ2000 እና በ2013 መካከል በየዓመቱ 92,000 ሄክታር ደን መጥፋቱን፣ የተተካው 19,000 ብቻ መሆኑንም ይናገራል። እውነተኛው ጥፋት እዚህ አለ፤ ቀንና ቦታ ያለው፣ አሁን የሚሆን።

ይህንን ሁሉ ይዘን ተመለስንና 40 በመቶዋን አውጥተን በምትኩ 92,000ውን፣ ከሥሩም ሽማግሌዎቹ ስለ ተፋሰሱ የነገሩንን አስገባን። አለቃችን ጋሼ አንብበው ሳቁ። «ልጆቼ፣ ታሪኩ ልክ ነው» አሉን፤ «ግን እዚያ ማዶ የሚያነበው ሰው አርባዋን ካላገኘ የረሳናት ይመስለዋል።» በቀይ ቀለም መልሰው ጻፏት። ለምንጩም የ1990ዎቹን አንድ ሪፖርት ሰጡን፤ ሪፖርቱ ሌላ ሪፖርት ይጠቅሳል።

ማመልከቻው ዓርብ ማታ ተላከ። አርባ በመቶዋ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበረች፤ የሽማግሌዎቹ ቃል አባሪ ሦስት ውስጥ ገባ።