ደሴቲቱና ጎረቤቶቿ



ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት የግዛታቸውን ወሰን ሲያስታውቁ፣ አገራችን በአረመኔ ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት መሆኗን ጽፈዋል። ለጊዜው ብልሃት ነበር፤ አውሮፓ ይሰማል የተባለው ቋንቋ እሱ ነበርና። ይሁን እንጂ ክርስቲያኗ ኢጣልያ ከመዝመት አልተመለሰችም፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ያዳነን የክርስቲያኑም የእስላሙም ክንድ ነው።

ለውጭ ሰው የተባለው ነገር አገር ቤት ዋጋ አስከፈለ። እስላሙ ወገናችን ከደሴቷ ውጭ ተቆጠረና «በኢትዮጵያ የሚኖር» ተባለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያዊነቱ ይታወቅለት ዘንድ ሰልፍ ሲወጣ፣ ክርስቲያኑም አብሮት ወጣ። በ1967 ዓ.ም. በዓሎቹ የአገር በዓል ሆኑ።

እኛ የለቅሶ ድንኳን ስንተክል ማን ደሴት፣ ማን ባሕር እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። ስለ አገራችን ለውጭ ሰው ስናወራም እንደዚሁ ይሁን።