የፍሬ ብርዝ፦ «ሞክቴል» በአማርኛ

ሞክቴል (ስም)፦ ከፍራፍሬ፣ ከማር ወይም ከስኳር፣ ከጎምዛዛ ጭማቂና መዓዛ ካለው ቅጠል ወይም ቅመም ተመጥኖ የሚበረዝ፣ አልኮል የሌለበት ቀዝቃዛ መጠጥ። የአማርኛ አቻ፦ የፍሬ ብርዝ።

ቃሉ ወደ አገራችን የገባው በሆቴሎችና በካፌዎች የመጠጥ ዝርዝር በኩል ነው። አሁን በሰርግ፣ በምርቃትና በልደት ድግስም ይሰማል። ብዙ ሰው ግን ሞክቴልን ውድ ዕቃና የሠለጠነ አስተናጋጅ የሚፈልግ የከተማ መጠጥ አድርጎ ያየዋል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን፣ ድባጤ ላይ ያለ ቤተሰብ በጓሮውና በገበያው ከሚያገኘው ማንጎ፣ ሎሚ፣ ማርና ዝንጅብል በየቀኑ ሊያዘጋጀው የሚችል መጠጥ መሆኑን ለማስረዳት መጀመሪያ ቃሉን መፍታት ያስፈልጋል።

የቃሉ ምንጭ

«ሞክቴል» ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተገጣጠመ ነው። «ሞክ» ማስመሰል ማለት ሲሆን «ቴል» ደግሞ ከ«ኮክቴል» የተቆረጠ ነው። ኮክቴል የሚለው ቃል ጥርት ያለ ትርጓሜ ተሰጥቶት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1806 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሃድሰን ከተማ ይወጣ በነበረ ጋዜጣ ላይ ነው። ጋዜጣው ኮክቴልን ከማንኛውም ጠንካራ መጠጥ፣ ከስኳር፣ ከውሃና ከመራራ ቅመም የሚሠራ ብሎ ፈታው። እ.ኤ.አ. በ1862 ጄሪ ቶማስ የተባለው አሜሪካዊ መጠጥ ቀያጭ የመጠጥ አዘገጃጀት መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አልኮል ለማይቀምሱ ሰዎች የተዘጋጀ ክፍልም ነበረበት። አልኮል አልባው ቅይጥ ትናንት የመጣ ፋሽን እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ከትርጓሜው አንድ ቁም ነገር እንያዝ። ከጠንካራው መጠጥ ጋር ጣፋጭ፣ ውሃና መራራ አንድ ላይ ተመጥነው መገኘታቸው ነው መጠጡን ኮክቴል ያሰኘው። ይህ ምጥጥን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጠጅ ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው። ጌሾው የማሩን ጣፋጭነት በምሬቱ ይገራል። ጠጅ ጣይ የጌሾውን ልክ ስትወስን የምታስበው፣ ቀያጩ መራራ ቅመሙን በጠብታ ሲለካ ከሚያስበው ጋር አንድ ነው።

ለምን «ብርዝ»?

ለሞክቴል የሚቀርቡ ሌሎች አማራጮች አሉ። «አልኮል አልባ ኮክቴል» ረጅም ነው፤ ከአማርኛ ያለበትም «አልባ» ብቻ ነው። «ቅይጥ መጠጥ» አልኮል ያለበትንም የሌለበትንም አንድ ላይ ይጠቀልላል። ቢራ፣ ወይንና ለስላሳ ተቀላቅሎ የሚጠጣው «ቱርቦ»ም እኮ ቅይጥ ነው። «ጭማቂ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከፍሬው የተጨመቀውን እንጂ ከቅጠል፣ ከማርና ከሎሚ ጋር ተመጥኖ የተሠራውን አይገልጽም።

«ብርዝ» ግን ሥራውንም መጠጡንም ይይዛል። «በረዘ» ማለት አንድን ነገር በፈሳሽ አቀጠነ፣ ቀላቀለ ማለት ነው። ብርዝ ሲባል በብዙ የአማርኛ ተናጋሪ ልብ የሚመጣው ያልተብላላ፣ የማያሰክር የማር ውሃ ነው። በድግስ ላይ ጠጅ ለማይጠጣው፣ ለልጆችና ለሃይማኖቱ ብሎ ለሚታቀበው የሚቀርበው ይኸው ነው። በብርሌ ይቀዳል፤ ከጠጁ እኩል ይከበራል። ብርዝ የቀረበለት ሰው ጎደለብኝ አይልም። እንግሊዝኛው መጠጡን የሌላ መጠጥ አስመሳይ አድርጎ ሲጠራው፣ አማርኛው በራሱ የሚቆም ስም አለው።

«ባህል ተበረዘ» በሚለው አነጋገር ምክንያት ቃሉ መጥፎ ስሜት እንዳያሳድር የሚሰጉ ይኖራሉ። ያ አነጋገር ግን ግሡን በምሳሌያዊ ፍቺው የወሰደ ነው። በመጠጥ ስምነቱ ብርዝ ዘወትር የመልካም መስተንግዶ ቃል ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ «የፍሬ ብርዝ» ብንል፣ ቅጠሉ ጎልቶ ሲወጣ ደግሞ «የቅጠል ብርዝ» ብንል፣ ሰሚው ያለ አስረጂ ይገባዋል። ስያሜው የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ነው፤ የሚጸድቀው ሕዝብ ሲጠቀምበት ነው።

ከጁስና ከስፕሪስ በምን ይለያል?

ጁስ ቤቶቻችን አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በየንብብሩ እየደረደሩ የሚሰጡት ስፕሪስ የፍሬ ብርዝ የቅርብ ዘመድ ነው። ነገር ግን ስፕሪስ ወፍራም ነው፤ በማንኪያ ይበላል፤ ያጠግባል። የፍሬ ብርዝ ቀጭን ነው፤ ጥም ይቆርጣል። በስፕሪስ ፍሬው ብቻውን ይናገራል፤ በብርዝ ውስጥ ፍሬው ከአራት ነገር ጋር ይመዘናል፦ ከጣፋጭ፣ ከጎምዛዛ፣ ከመራራና ከመዓዛ።

ጣፋጩ ማር ወይም ስኳር ነው። ጎምዛዛው ሎሚ፣ ሁመር ወይም ከርከዴ ነው። መራራው ከሎሚ ልጣጭ ወይም ከጤና አዳም ጫፍ ይመጣል። መዓዛውን ናና፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳር፣ ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ ወይም ኮረሪማ ይሰጣል። አንዱ ሲበዛ ሌላውን ጨምሮ ማረም ይቻላል። በጣም ጣፈጠ? ሎሚ ይጨመር። ጎመዘዘ? ማር ይጨመር። መረረ? ቁንጥር ጨው ይግባበት፤ ጨው ምሬትን ያለዝባልና። ይህን የያዘ ሰው የማንንም መመሪያ ሳይጠብቅ የራሱን ብርዝ መፍጠር ይችላል።

የድባጤ ቤት ያለው ሀብት

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የማንጎ አገር ነው። የአሶሳ ማንጎ ስሙ የታወቀ ነው፤ በመተከልም ማንጎ በየጓሮው ይበቅላል። ችግሩ ፍሬው በአንድ ወቅት ተከማችቶ መድረሱ ነው። ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ ብዙው ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። በዚህ ላይ የማንጎ ነጭ ስኬል የሚባለው ተባይ ተጨምሯል። ተባዩ በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን ከዚያ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ተዛምቷል። የፍሬውን ልጣጭ ያጎድፈዋል፤ ገዢም በመልኩ አይቶ ይተወዋል። ይሁን እንጂ ልጣጩ ብቻ የተነካ የበሰለ ማንጎ በደንብ ታጥቦ ከተላጠ ሥጋው ለብርዝ ይሆናል። ገበያ የናቀውን ፍሬ ወደ እንግዳ መቀበያ መለወጥ የሚያስችል ሙያ ለዚህ አካባቢ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከማንጎ ሌላ ቆላው ሁመር አለው፤ በአንዳንድ አካባቢ ሮቃ ይሉታል። ክልሉ ከሱዳን ጋር ይዋሰናል። በሱዳን የሁመርና የከርከዴ ውሃ ከኢፍጣር ማዕድ የማይለዩ መጠጦች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከክልሉ ነዋሪ 45 በመቶ ገደማው ሙስሊም ነው፤ አልኮል የማይቀምሱ ፕሮቴስታንቶችም ብዙ ናቸው። ድባጤ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አገው አብረው የሚኖሩባት ወረዳ ናት። በእንዲህ ዓይነት አካባቢ በአንድ ድንኳን የተቀመጠ እንግዳ ሁሉ ሳይሳቀቅ የሚጠጣው መጠጥ ማዘጋጀት የመልካም አስተናጋጅነት ግዴታ ነው።

አዘገጃጀት

መነሻው የማር ውሃ ነው። ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እኩል መጠን ማር ይጨመርና ይማሰላል፦ አንድ ብርጭቆ ለአንድ ብርጭቆ። የአውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ተከትክታ ትገባበታለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠለላል። በውጭ ቋንቋ «ሲረፕ» የሚሉት ይህን ነው፤ ወፍራም ብርዝ ልንለው እንችላለን። ማር በወፍራሙ ለቀዝቃዛ ውሃ አይታዘዝም፤ አስቀድሞ ከቀጠነ ግን በቀላሉ ይዋሃዳል።

የማንጎ ብርዝ፦ የአንድ የበሰለ ማንጎ ሥጋ ተደቁሶ በወንፊት ይጠለላል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወፍራም ብርዝና ቁንጥር ጨው ይጨመራል። አምስት ስድስት የናና ቅጠል በመዳፍ መሐል አንድ ሁለቴ ይጨበጨብበትና ይገባል። ሁሉም ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ተደርጎ በደንብ ይናጣል። ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም አምቦ ውሃ ሲጨመርበት ለሁለት ሰው ይበቃል። አምቦ ውሃ ከሆነ የሚጨመረው ከተናጠ በኋላ ነው፤ አለዚያ ጋዙ ዕቃውን ይገፋዋል።

ናናው ለምን አይወቀጥም? የቅጠሉ መዓዛ ያለው በላዩ በሚገኙ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ጭብጨባው እነሱን ለማፈንዳት ይበቃል። ቅጠሉ ከደቀቀ ግን አረንጓዴው ጭማቂ ወጥቶ መጠጡን የሣር ጣዕምና ምሬት ይሰጠዋል። ዝንጅብልና ጠጅ ሳር ጠንካራ ስለሆኑ መከትከት አለባቸው። ቀረፋና ኮረሪማ ደግሞ ሙቅ ውሃ ይፈልጋሉ።

የከርከዴ ብርዝ፦ ግማሽ ብርጭቆ ደረቅ ከርከዴ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። በፈላ ውሃ ቢዘፈዘፍ ይፈጥናል፤ ግን አፍ ያኮማትራል። ጠዋት ተጠልሎ ወፍራም ብርዝና ሎሚ ይጨመርበታል። ሎሚው ሲገባ ቀለሙ ይበልጥ ይቀላል፤ የከርከዴ ማቅለሚያ ጎምዛዛ ሲነካው የሚደምቅ ዓይነት ነውና።

የሁመር ብርዝ፦ 100 ግራም የተፈለፈለ ሁመር በግማሽ ሊትር ለብ ባለ ውሃ አንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል። በእጅ ታሽቶ ፍሬውና ጭረቱ ይጠለላል። በማር ይጣፍጣል፤ በሌላ ግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይቀጥናል፤ ጥቂት የበሶብላ ቅጠል ይጣልበታል። ራሱ ጎምዛዛ ስለሆነ ሎሚ አይሻም።

በረዶ ከሌለስ? የመብራት መቆራረጥ ሰበብ አይሁን። ውሃው ማታ በእንስራ ተቀምጦ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ይደር። በሸክላው ቀዳዳዎች የሚወዛው ውሃ እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አየሩ ደረቅ በሆነባቸው በበጋ ወራት ደግሞ ይህ ዘዴ ይበልጥ ይሠራል፤ የማንጎው ወቅትም በዚያው ጊዜ ይጀምራል።

ጥንቃቄ

ወፍራም ማር አይበላሽም፤ በውስጡ ያለው ውሃ ትንሽ ስለሆነ እርሾ ሊሠራበት አይችልም። በውሃ ሲቀጥን ግን በማሩ ውስጥ ተኝቶ የነበረው እርሾ ይነቃል። ብርዝ ሰንብቶ ወደ ጠጅነት የሚያዘነብለው ለዚህ ነው። አልኮል የማይነካ ሰው እንዲጠጣው የተሠራ የፍሬ ብርዝ በተሠራበት ቀን ማለቅ አለበት። አረፋ ካወጣ፣ ሽታው ከተለወጠ «አልኮል የለበትም» ብሎ ማቅረብ እንግዳን ማታለል ነው።

ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር ያለበት ነገር አይሰጥም፤ ለትልቅ ሰው የማይጎዳው በማር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ለሕፃን አደገኛ ነው። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሆንም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከርከዴ ሲያዘወትር ሐኪሙን ያማክር። የስኳር ሕመም ያለበት ደግሞ ማርም ስኳር መሆኑን አይርሳ። ውሃው የፈላ ወይም የታከመ ይሁን፤ ቅጠሉም በዚያው ውሃ ይታጠብ። ከቤት ጓሮ የወጣ አረቄ ጨምሮ ብርዙን ማጠንከር አይገባም፤ ያ ብርዝ መሆኑ ይቀራል፤ ጉልበቱም አይታወቅም።

አጠቃቀም በዐረፍተ ነገር

«ለምርቃቱ ሦስት ዓይነት የፍሬ ብርዝ አዘጋጅተናል።»
«ጋሼ፣ ጠጅ ካልወሰዱ የሁመር ብርዝ አለ፤ ልቅዳልዎት?»
«የማንጎ ብርዙ ጣፍጧል፤ እህቴ፣ ሎሚ ጨምሪበት።»

ካፌ ያላችሁ፣ ድግስ የምታስተናግዱ፣ የመጠጥ ዝርዝር የምትጽፉ ሁሉ «ሞክቴል» በምትሉበት ቦታ «የፍሬ ብርዝ» ብላችሁ ጻፉ። በቤታችሁም በመጪው የማንጎ ወቅት ከዛፉ ሥር ሊበሰብስ ከነበረው ፍሬ አንዱን አንሡና ለጎረቤታችሁ በርዙለት። ስሙም መጠጡም የሚለመደው እንዲህ ነው።