መንበረ ታቦት፣ የንጉሥ ላሊበላ ስም የተቀረጸበት
እንጨት፤ የግዕዝ ጽሑፍ። ላሊበላ፣ ላስታ

መንበረ ታቦት ታቦቱ በመቅደስ ውስጥ የሚያርፍበትና ቅዳሴ የሚቀደስበት መንበር ሲሆን፣ ከክህነት ማዕርግ ውጭ ያለ ሰው አይቀርበውም፤ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከሚገኙት ጥንታውያን መናብርት በአንዳንዶቹ ላይ ግን የንጉሡ ስም ከጸሎት ጋር ተቀርጾ ይነበባል። በዘመኑ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ግድም በግብፅ በዐረብኛ የተጻፈውና በአርመናዊው አቡ ሳሊሕ ስም የሚታወቀው መጽሐፍ እንደሚገልጸው፣ የሐበሻ ነገሥታት ካህናትም ስለነበሩ በገዛ እጃቸው ሰው እስካልገደሉ ድረስ መቅደስ ገብተው ይቀድሱ ነበር፤ ይህም ዙፋኑን በጦር ለሚያስከብር ንጉሥ ቀላል ግዴታ አይደለም።

በ1262 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር 1270) ይኩኖ አምላክ ላሊበላ የተወለደበትን የዛጔ ሥርወ መንግሥት አስወግዶ ነገሠ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግዕዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥትም ዙፋኑ የሚገባው ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ለሚወለዱት መሆኑን አጸና። ቤተ ክርስቲያን ግን ከተወገደው ወገን ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላንና ነአኩቶ ለአብን ከቅዱሳን ቈጠረቻቸው፤ የላሊበላ ገድል፣ ማለትም ሕይወቱንና ተአምራቱን የሚተርከው መጽሐፍ፣ የተጻፈውም ቤተሰቡን ከዙፋን ባወረዱት በሰሎሞናውያን ዘመን ነው፤ በዓሉ ሰኔ 12 ቀን ይከበራል። ሥልጣን የተነጠቀ ሥርወ መንግሥት በአሸናፊዎቹ ዘመን እንዲህ መክበሩ ብርቅ ነው። በጎረቤት ዋግ ደግሞ የዛጔ ዘር መሆናቸውን የሚናገሩ ባላባቶች፣ ዋግ ሹም በሚል የውርስ ማዕርግ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን አስተዳድረዋል።