የሂንዱ በዓላትና የእኛ ባሕረ ሐሳብ

በዓል የሌለው ሕዝብ በዓለም ላይ አይገኝም፤ በዓል ያለውም ሕዝብ ሁሉ ቀኑን የሚያውቅበት ቈጠራ አለው። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ሂንዱ በዓላት ለመጻፍ ያሰብነው የሩቅ አገር ወሬ ለማውራት ብለን አይደለም። የሕንድ ሰዎች ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደሉም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ብዙ የሕንድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ተመድበው ሒሳብና ሳይንስ አስተምረዋል፤ ዛሬም በአዲስ አበባ፣ በቦሌና በእኛ በሲኤምሲ በኩል ሳይቀር፣ በጉርብትና የሚኖሩ አሉ። የእነዚህ ጎረቤቶቻችን በዓል ዘንድሮ በአንድ ቀን፣ ከርሞ በሌላ ቀን ሲውል ለማያውቅ ሰው ሥርዓት የሌለው ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ጨረቃ ከመታደስ እስከ መታደስ 29 ቀን ተኩል ያህል ትፈጃለች። ዐሥራ ሁለት እንዲህ ያሉ ወሮች ሲደመሩ 354 ቀን ይሆናሉ። የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ነው። እንግዲህ በመካከሉ 11 ቀን ያህል ይጐድላል። በዓሉን በጨረቃ የሚያከብር ሕዝብ ሁሉ ለዚህ ለ11 ቀን መላ መፈለግ አለበት።

የሂንዱ ሊቃውንት ወሩን ጨረቃ በምትሞላበት ብሩህ ክፍልና በምትጐድልበት ጨለማ ክፍል ይለዩታል። እያንዳንዱም ክፍል 15 ቲቲ፣ ማለት 15 የጨረቃ ቀን አለው። ሰው በቀለም የሚረጫጭበት ሆሊ በፋልጉን ወር በሙሉ ጨረቃ ይውላል። የራማ ልደት በቻይትራ ወር በብሩሁ ክፍል በ9ኛው ቀን ይከበራል። ናቫራትሪ በአሽዊን ወር 9 ሌሊት ይቈይና በ10ኛው ቀን ዳሴራ ይሆናል። ከዚያ ከ20 ቀን በኋላ፣ ጨረቃ በምትሰወርበት ሌሊት፣ የመብራት በዓል የሆነው ዲዋሊ ይመጣል። ከእነዚህ የሚለየው ማካር ሳንክራንቲ ነው። እርሱ ፀሐይ ጀዲ ወደሚባለው ኮከብ የምትገባበት ቀን ስለ ሆነ በየዓመቱ ጥር 6 ቀን ገደማ፣ በገናና በጥምቀት መካከል ይውላል።

ዲዋሊ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር 2 ቀን፣ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 21 ቀን፣ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 10 ቀን ዋለ። በየዓመቱ 11 ቀን ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። እንዲሁ ቢቀጥል ከጥቂት ዓመታት በኋላ በክረምት ዝናብ ውስጥ በገባ ነበር። ስለዚህ ፀሐይ ከዐሥራ ሁለቱ ኮከቦች ወደ አንዱም ሳትሻገር የሚያልፍ የጨረቃ ወር ሲገኝ፣ ያ ወር ትርፍ ሆኖ በዓመቱ ላይ ይጨመራል። ስሙ አድሂክ ማስ ነው፤ በ32 ወይም በ33 ወር አንድ ጊዜ፣ በ19 ዓመት 7 ጊዜ ያህል ይመጣል። በዚህ ወር ሠርግ አይደገስም። በ2018 ዓ.ም. ከግንቦት 9 እስከ ሰኔ 8 ቀን ያለው ወር እንዲህ ያለ ነው፤ በዚህም ምክንያት የ2019 ዓ.ም. ዲዋሊ ወደ ጥቅምት 29 ቀን ይመለሳል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በድሜጥሮስ ስም የሚጠራው ባሕረ ሐሳብም ይህንኑ 11 ያውቀዋል። የ2018 ዓ.ም. አበቅቴ እንዲህ ይገኛል፦ 5500 እና 2018 ሲደመር 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በሠላሳ በሠላሳ ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ አበቅቴው ይህ ነው። የ2016 አበቅቴ 20፣ የ2017 ደግሞ 1 ነበረ፤ በየዓመቱ 11 እየተጨመረ 30 ሲሞላ ይገደፋል። ፋሲካችን በእነዚህ ሦስት ዓመታት ሚያዝያ 27፣ ሚያዝያ 12 እና ሚያዝያ 4 ቀን የሆነውም በዚሁ ቈጠራ ነው። ቢሆንም ከመጋቢት 26 በፊት ወይም ከሚያዝያ 30 በኋላ ከቶ አይውልም። ሙስሊም ወንድሞቻችን ግን ትርፍ ወር ስለማይጨምሩ ረመዳን በ33 ዓመት ያህል ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል።

ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ የፊዚክስ ሊቁ ሜግናድ ሳሃ የመራው ኮሚቴ በአገሪቱ ያሉትን 30 ያህል የቀን አቈጣጠሮች መረመረ፤ በ1957 እ.ኤ.አ. አንድ ብሔራዊ የፀሐይ አቈጣጠር ተደነገገ። በዓላቱ ግን እስከ ዛሬ በጨረቃ ይቈጠራሉ። ሊቃውንቱ የአባቶቻቸውን ሒሳብ ሊመረምሩ የቻሉት አስቀድመው ስላወቁት ነው።

እኛስ? ጾሙ መቼ እንደሚገባ ከግድግዳ ካላንደር እናነባለን እንጂ አበቅቴ ማውጣት የሚችል በክፍላችን ከጣት ቍጥር አይበልጥም። ዕውቀቱ በአብነት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲቀር ማድረግ አይገባም፤ ከመደመር፣ ከማባዛትና ከማካፈል ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለምና። ስለዚህ መምህሮቻችን በሒሳብ ትምህርት ውስጥ በዓመት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለባሕረ ሐሳብ እንዲሰጡልን፣ ወላጆቻችንም የሚያውቁትን በቤት እንዲያስተምሩን በአክብሮት እንለምናለን። የራሱን በዓል መቍጠር የሚያውቅ ተማሪ ለሂንዱው ጎረቤቱም በዲዋሊ ቀን ሳይሳሳት «እንኳን አደረሰዎ» ለማለት ይችላል።