ከሙያ ወደ መድረክ፦ የተናጋሪ የሥራ ልምድና የንግግር ተአማኒነት

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ ከተለያየ ሙያ ወጥተው በአደባባይ የሚናገሩ ሰዎች ከሥራቸው ወደ መድረክ ምን ይዘው እንደሚመጡ ይመረምራል። መከራከሪያው፣ ተናጋሪን ተአማኒ የሚያደርገው የማዕረጉ ከፍታ ሳይሆን በሙያው የለመደው የማስረጃ አያያዝና ሊሞግተው ለሚችል ሰው መልስ የመስጠት ልማድ ነው የሚል ነው። ለዚህም ከአገር ቤት ሙግትና ከቅኔ ቤት ተነሥቶ የ1928 ዓ.ም. የጄኔቫ ንግግርን፣ የአንዲት ምጣኔ ሀብት ባለሙያንና የአንዲት የጤና ሳይንስ ምሁርን ልምድ ይፈትሻል። የኬሚስቱ ላይነስ ፖሊንግ ታሪክ ደግሞ የተቃራኒው ማሳያ ሆኖ ቀርቧል።

1. መግቢያ

በጉባኤ፣ በምረቃ በዓል ወይም በመጽሐፍ ምርቃት ላይ መድረክ መሪው ተናጋሪውን ሲያስተዋውቅ የሚያነበው ጽሑፍ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ከዚህ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ከዚያ፣ የተያዙ ኃላፊነቶች፣ የተገኙ ሽልማቶች ይዘረዘራሉ። አድማጭ ያጨበጭባል፤ ተናጋሪው ወደ አትሮንሱ ይወጣል። ሰውየው በሥራው ላይ በየዕለቱ ምን ይመረምር እንደነበር፣ ሲሳሳት ማን ያርመው እንደነበር፣ የስሕተቱ ጉዳት በማን ላይ ያርፍ እንደነበር ግን አይነሣም። አድማጭ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም የአንድ ሙያ ጠባይ በንግግር ውስጥ የሚታየው በእነዚህ ነገሮች በኩል ነው።

2. የቆየው ክርክር

ጥያቄው አዲስ አይደለም። አሪስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፉ፣ የተናጋሪው ተአማኒነት ከንግግሩ ከራሱ መመንጨት አለበት እንጂ አድማጭ ስለ ሰውየው አስቀድሞ ከያዘው ግምት መምጣት የለበትም ይላል። ኢሶክራተስ በበኩሉ ሚዛኑን ወደ ተናጋሪው ሕይወት ያደላዋል፤ በመልካም ስም የኖረ ሰው የሚናገረው ቃል ከተራቀቀ ክርክር ይበልጥ ያሳምናል ባይ ነው። ሮማዊው የንግግር መምህር ኩዊንቲሊያንም ፍጹም ተናጋሪ ማለት መናገር የሚችል መልካም ሰው ነው የሚለውን አሮጌ ብያኔ ተቀብሎ ትምህርቱን በዚያ ላይ አነጸ።

ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቃቸው ሙያ ይመስለኛል። ሙያ የሕይወት ክፍል ነው፤ ኢሶክራተስ የሚፈልገው ታሪክ በውስጡ አለ። ሙያ የአስተሳሰብ ሥልጠናም ነው፤ ስለዚህ አሪስቶትል እንደሚፈልገው በንግግሩ አሠራር ላይ ራሱን ይገልጣል። ዳኛ ሲናገር ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅደም ተከተል ያስረዳል፤ ሐኪም ምልክቱን ከበሽታው ይለያል፤ ነጋዴ ዋጋውን ሳይናገር ወደ ሌላ አያልፍም።

3. ሁለቱ የአገር ቤት ትምህርት ቤቶች

በእኛ አገር ሰው በአደባባይ መናገርን የተማረው በሁለት ቦታ ነው፤ በሙግትና በቅኔ ቤት። በቀድሞው የበልሃ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ ሸማውን አደግድጎ ይቆም ነበር፤ ባላጋራውን “ተጠየቅ” እያለ ይጠይቅ፣ እርሱም በተራው ይጠየቅ ነበር። በማር ወይም በበቅሎ ይወራረድ፣ ቃሉ ካልጸናም ይከፍል ነበር። መደበኛ ዳኛ በሌለበት መንገደኛ እንኳ ተይዞ ነገሩን እንዲሰማ ይደረግ ነበር። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ የቃላቱን ውበት ያደንቅ ነበር፤ ነገር ግን የተዋበ ቃል ምስክር ሲያጣ ይሸነፍ ነበር። በሙግት ያደገ ተናጋሪ መልስ የሚሰጥ ሰው ከፊቱ እንዳለ አይረሳም።

የቅኔ ቤት ተማሪ ደግሞ ፀጥ ካለ ስፍራ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚወጣው በየደረጃው እየታረመ ነው። ግሱ ካልሰመረ፣ ልኩ ካልሞላ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ መምህሩ ይመልሰዋል። በዋሸራም ሆነ በዋድላ የተማረ ባለቅኔ ከዚህ የሚያተርፈው ቃልን መዝኖ መናገርን ነው። የሁለቱ ተቋማት ፍሬ ይለያያል፤ አንዱ ማስረጃን፣ ሌላው ቃልን ያስመዝናል። የሚያመሳስላቸው ግን ትልቅ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ተናጋሪ ሳይፈተን አያልፍም።

4. የችሎት ልማድ በጄኔቫ

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ገና ሳይጀምሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ከላይኛው መቀመጫ ሆነው በፉጨትና በጩኸት አወኩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሁከቱ እስኪበርድ ጠብቀው በአማርኛ ንግግራቸውን ጀመሩ። ይህ ንግግር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ለስሜቱ ነው። አሠራሩ ግን የክስ አቤቱታ አሠራር ነው።

የኢጣሊያ ጦር በኢትዮጵያ ላይ ስለጣለው መርዝ ጋዝ የተናገሩትን ክፍል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያ የተጣለው አስለቃሽ ጋዝ እንደነበር፣ ወታደሩም መበተንንና ነፋስ እስኪወስደው መጠበቅን እንደተማረ ያስረዳሉ። ቀጥሎ በበርሜል የተጣለው የሰናፍጭ ጋዝ የጎዳው ጥቂት ሰው ብቻ እንደነበር ሳይደብቁ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ነው አውሮፕላኖች መርጫ ተገጥሞላቸው፣ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስትና ዐሥራ ስምንት እየሆኑ እየተከታተሉ መርዙን እንደ ካፊያ በሰው፣ በከብት፣ በወንዝና በግጦሽ ላይ ማውረዳቸውን የሚገልጹት። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ያደረሱትን ጉዳት አላጋነኑም፤ በዚህም የመጨረሻው ክስ ይበልጥ ይታመናል። ከዚያም የማኅበሩን ቃል ኪዳን 16ኛ አንቀጽ ጠቅሰው አባል መንግሥታት የገቡትን ግዴታ ይጠይቃሉ።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? ንጉሠ ነገሥቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሐረርጌን ያስተዳደሩ፣ በኋላም በዙፋን ችሎት ተቀምጠው የባለጉዳዮችን ክርክር የሰሙ ሰው ናቸው። ከረዷቸው ሰዎች መካከልም በፈረንሳይ አገር ሕግ ያጠኑት ሎሬንሶ ትእዛዝ ነበሩ። የዳኛ ጆሮና የሕግ አዋቂ ብዕር በአንድ ንግግር ውስጥ ተገናኝተዋል። ጉባኤው የሚገባውን ፍርድ አልሰጠም፤ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብም ብዙ ሳይቆይ ተነሣ። ክሱ ግን እስከ ዛሬ ማስረጃ ሆኖ ይነበባል።

5. የእህል ገበያ ተመራማሪዋ

ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ2007 በአሩሻ በተካሄደው የቴድ ጉባኤ ላይ የኢትዮጵያን የምርት ገበያ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ከኋላቸው ለዓመታት የተሠራ የእህል ገበያ ጥናት ነበር። የጥናታቸው ትኩረት ነጋዴና ደላላ እንዴት እንደሚተማመኑ፣ ገዢና ሻጭ ለመገናኘት ምን ያህል ወጪ እንደሚያወጡ ነው። ገበሬው የከተማውን ዋጋ ሳያውቅ ይሸጣል፤ ነጋዴው ጆንያውን ከፍቶ እህሉን በእጁ ሳያይ አይገዛም፤ ከማያውቀው ሰው ጋርም መዋዋል ይፈራል። በንግግራቸው የተናገሩት ድህነትን በጥቅሉ ሳይሆን ይህንን የገበያ አሠራር ነው። እኔ ከንግግሩ የማደንቀው ይህንን ነው፤ አድማጭ ከአዳራሹ ሲወጣ የችግሩን መገጣጠሚያ ያውቃል።

ንግግሩ ለሙግት የተጋለጠም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምር የተባለው ነገር በተግባር መመዘን ጀመረ። ገበያው በበቆሎ ቢጀምርም በኋላ ዋና ንግዱ ወደ ቡናና ወደ ሰሊጥ አዘነበለ፤ የምግብ እህል የታሰበለትን ድርሻ አላገኘም። ይህን ማንሣት ንግግሩን ማሳነስ አይደለም። ሊለካ የሚችል ነገር የተናገረ ሰው ብቻ ነው በኋላ እንዲህ ሊመዘን የሚችለው።

6. ሳይንቲስቷ በከምባታ

ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ አጥንተው፣ በአሜሪካም ትምህርታቸውን ቀጥለው ወደ ትውልድ አገራቸው ከምባታ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን የሴቶች ድርጅት መሠረቱ። ስለ ኤችአይቪ ሊናገሩ ወደ ሕዝቡ ሲቀርቡ ከአድማጩ የገጠማቸው ጥያቄ ስለ ድልድይ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ገበያተኛም ገበያ ለመድረስ ገደሉን መሻገር አልቻሉም። እርሳቸውም ገንዘብ አፈላልገው ድልድዩን አሠሩ። የሴት ልጅ ግርዛትን የመሰለ በቤት ውስጥ የማይወራ ጉዳይ በአደባባይ ለመነጋገር መንገድ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ተመራማሪ ከግምቱ ጋር የማይስማማ መረጃ ሲያገኝ ግምቱን ይለውጣል። ወይዘሮ ቦጋለች ይህንን የሙያ ሥርዓት ወደ ሕዝብ ንግግር አመጡት፤ አድማጩ የነገራቸውን እንደ መረጃ ቆጠሩት። በኋላ ድርጅታቸው የታወቀበት የማኅበረሰብ ውይይትም ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ወጣቶች በአንድነት ተቀምጠው የሚናገሩበት፣ አንዱ ተናጋሪ ሌላው ሰሚ ብቻ ያልሆነበት ሥርዓት ነው። ሰውነት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በሙያ ዕውቀት ማስረዳታቸው ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ዕውቀታቸው ተሰሚነት ያገኘው ራሳቸው አስቀድመው በመስማታቸው ነው።

7. ማዕረግ ከሙያ ሲወጣ

አሜሪካዊው ላይነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1954 በኬሚስትሪ፣ በኋላም በኑክሌር ሙከራ ላይ ባደረገው ተቃውሞ የ1962ን የሰላም ኖቤል ተሸልሟል። ስለ ኑክሌር ሙከራ ሲናገር ሙያው ያገለግለው ነበር፤ የጨረርን ጉዳት በሳይንስ ቋንቋ ሊያስረዳና ሊከራከር ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ግን በብዛት የሚወሰድ ቫይታሚን ሲ ጉንፋንን እንደሚከላከል፣ ካንሰርንም ለማከም እንደሚረዳ በሰፊው ሰበከ። በማዮ ክሊኒክ የተደረጉት ሙከራዎች የካንሰሩን አባባል አልደገፉም፤ ፖሊንግ ግን ከአቋሙ አልተመለሰም። ሕዝቡ የሰማው ሁለት ጊዜ የተሸለመውን ስም ነው። ስሙ አብሮ ተሻገረ፤ ስሙን ያስገኘለት የማስረጃ ጥብቅነት ግን አልተሻገረም።

በእኛም መድረኮች አደጋው ይኸው ነው። በአንድ ሙያ የተከበረ ሰው በሁሉም ጉዳይ እንዲናገር ይጋበዛል፤ አድማጭም ለማዕረጉ ሲል ጥያቄውን ይውጠዋል። አክብሮታችን መልካም ባህል ነው፤ ጥያቄን የሚዘጋ ሲሆን ግን ተናጋሪውንም ሰሚውንም ይጎዳል።

8. መደምደሚያ

ከቀረቡት ማሳያዎች አንድ ሐሳብ ይወጣል። ንጉሠ ነገሥቱ፣ ምጣኔ ሀብት ባለሙያዋና የጤና ሳይንስ ምሁሯ በትምህርትም በማዕረግም አይገናኙም፤ ሦስቱም ግን ከሥራቸው ይዘው የመጡት የመመዘን ልማድ አላቸው። ስለዚህ የመድረክ አዘጋጆች የተናጋሪን ታሪክ ሲጽፉ ሦስት ነገር እንዲያሰፍሩ እጠይቃለሁ፤ ዛሬ በሚናገርበት ጉዳይ ላይ በእጁ የሠራው ሥራ ምን እንደሆነ፣ ያ ሥራ በማን እንደተፈተነ፣ ውጤቱም ማንን እንደነካ። ከንግግሩ በኋላም ለጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ ለምስጋናና ለስጦታ ከሚሰጠው እንዲበልጥ ይደረግ። የንግግር ጥበብን የሚያስተምሩ መምህራንም ተማሪውን ስለ ድምፅ አወጣጥና ስለ አቋቋም ከማሠልጠናቸው በፊት፣ ለሚናገረው ነገር ማስረጃ አቅርቦ በጓደኞቹ ፊት እንዲሞገት ያድርጉት። ለዚህ የሚሆን አብነት ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ ሙግቱም ቅኔ ቤቱም አስተምረውናል።