ስምንቱ ባዶ ቢቶች፦ የአይ.ቢ.ኤም. ታላላቅ ኮምፒዩተሮች የማስታወሻና የዲስክ ወሰን ታሪክ

አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሲስተም/360 የተባለውን የኮምፒዩተር ቤተሰብ ኤፕሪል 7 ቀን 1964 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዓለም ሲያስተዋውቅ ለደንበኞቹ አንድ ከባድ ቃል ገብቶ ነበር። ይኸውም ከትንሹ ሞዴል እስከ ትልቁ ድረስ ሁሉም በአንድ ዓይነት የትእዛዝ ሥርዓት ስለሚመሩ፥ ዛሬ በትንሹ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ነገ ድርጅቱ ሲያድግ በትልቁ ላይ ሳይለወጥ ይሠራል የሚል ነው። ከዚያ በፊት አንድ ባንክ ወይም የመድን ድርጅት የኮምፒዩተሩን ዓይነት በለወጠ ቁጥር የደመወዙን፥ የሒሳቡንና የንብረት መዝገቡን ፕሮግራም ከሥሩ ማስጻፍ ይኖርበት ስለነበር፥ ቃሉ ሰሚ ጆሮ አገኘ። ኩባንያውም ቃሉን ጠብቋል፤ በ1960ዎቹ የተጻፉ ፕሮግራሞች የዚያው ቤተሰብ ዝርያ በሆኑት ኮምፒዩተሮች ላይ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ቃሉን መጠበቅ ከፍተኛ ዋጋ አስከፍሏል። የዋጋው ምንጭ በእያንዳንዱ የማስታወሻ አድራሻ ራስጌ ላይ ባዶ የተተወ የስምንት ቢት ቦታ ነው።

የሲስተም/360 ነዳፊዎች ጂን አምዳል፥ ጌሪት ብላውና ፍሬድ ብሩክስ ነበሩ። በንድፋቸው እያንዳንዱ ሬጂስተር 32 ቢት ስፋት ሲኖረው፥ ለአድራሻነት የሚያገለግለው ግን የታችኛው 24 ቢት ብቻ ነበር። በ24 ቢት የሚቆጠረው ከፍተኛ መጠን 16,777,216 ባይት፥ ማለትም 16 ሜጋባይት ነው። ይህ ቁጥር ለዛሬ አንባቢ ያስቅ ይሆናል፤ ለዘመኑ ግን የቅንጦት ያህል ነበር። ሞዴል 30 የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ሲታወጅ ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ማስታወሻ 65,536 ባይት ስለነበረ፥ የአድራሻው ወሰን ከዚህ 256 ጊዜ የሚበልጥ ነበር። ማስታወሻው ራሱ በቀጫጭን ሽቦ ላይ ከተሰኩ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች የሚሠራ ስለሆነ ዋጋው እጅግ ውድ ነበር። በዚህ ላይ የሞዴል 30 የውስጥ መተላለፊያ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው 8 ቢት ብቻ ነው። አድራሻው 32 ቢት ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱን አድራሻ ለማስላት በሦስት እርምጃ ፈንታ አራት ያስፈልግ ነበር፤ ያውም በእርግጠኝነት ዜሮ ለሚሆን ባይት ሲባል። ስለዚህ 24 ቢት መምረጡ በራሱ ስሕተት ነበር ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

ችግሩ የመነጨው ከላይ የቀሩት ስምንት ቢቶች ምን ይሁኑ ለሚለው ጥያቄ ከተሰጠው መልስ ነው። ኮምፒዩተሩ አድራሻ ሲያነብ እነዚህን ስምንት ቢቶች ቸል ይላቸዋል፤ በውስጣቸው ዜሮ ይኑር ሌላ ነገር አይመረምርም። ባለቤት የሌለው ቦታ በመንገድ ዳር ሲገኝ ጎጆ የሚቀልስበት አይጠፋምና፥ ፕሮግራመሮችም ወዲያው ገቡበት። በር ከፋቹ ግን ኮምፒዩተሩ ራሱ ነበር። አንድ ፕሮግራም ንዑስ ፕሮግራም በሚጠራበት ጊዜ የመመለሻው አድራሻ በታችኛው 24 ቢት ይቀመጥና፥ የትእዛዙ ርዝመት፥ የመጨረሻው ስሌት ውጤት ምልክትና የፕሮግራሙ የስሕተት መቆጣጠሪያ ቢቶች በላይኛው ባይት ይታጨቁ ነበር። ለንዑስ ፕሮግራም የሚተላለፉ አድራሻዎች ሲደረደሩም፥ የመጨረሻው አድራሻ የላይኛው ጫፍ ቢት 1 እንዲሆን ማድረግ የዝርዝሩ ማብቂያ ምልክት ሆኖ ጸደቀ። ኦ.ኤስ./360 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሥራዎችን፥ የፋይሎችንና የመሣሪያዎችን ሁኔታ በሚመዘግብባቸው የውስጥ ሠንጠረዦች ውስጥ፥ በአንድ የአራት ባይት ቦታ ላይ ሦስቱ ባይት አድራሻ፥ አራተኛው ደግሞ የልዩ ልዩ ሁኔታዎች ምልክት ሆነው አብረው ተቀመጡ።

በጊዜው ይህን ማድረግ ቁጠባ እንጂ ግድየለሽነት አልነበረም። በብሩክስ አመራር የተሠራው ኦ.ኤስ./360 ከታቀደለት ጊዜ ዘግይቶ የወጣ ሲሆን፥ ለትናንሾቹ ሞዴሎች ከመጠን በላይ ገዝፎ በመገኘቱ ዲ.ኦ.ኤስ./360 የሚባል ሌላ አነስተኛ ሲስተም ማዘጋጀት ግድ ሆኗል። እንግዲህ የመጀመሪያው ወሰን የተገኘው ከላይ ሳይሆን ከታች ነበር ማለት ነው። በጠቅላላው ጥቂት አሥር ሺህ ባይት ባለው ኮምፒዩተር ላይ በየሠንጠረዡ አንዲት ባይት ያተረፈ ፕሮግራመር ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ተገቢ ነው። ሞዴል 67 የተባለው የቤተሰቡ አባል በ32 ቢት አድራሻ እንዲሠራ ተደርጎ ተሠርቶ ነበር። መንገዱ ያን ጊዜ ክፍት ነበር። ዳሩ ግን ለእርሱ የተዘጋጀው ቲ.ኤስ.ኤስ./360 የተባለ ሲስተም በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ በ1970 የወጣው ሲስተም/370 ወደ 24 ቢቱ ተመለሰ። ያን ጊዜ በላይኛው ባይት ላይ የሠፈሩት ፕሮግራሞች ገና ጥቂት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ እየበዙ ሄዱ።

በ1972 አይ.ቢ.ኤም. ምናባዊ ማስታወሻን ለሲስተም/370 አስተዋወቀ። በመጀመሪያው አሠራር በኮምፒዩተሩ ላይ ያሉት ሥራዎች ሁሉ አንድ ባለ 16 ሜጋባይት ምናባዊ ቦታ ይካፈሉ ነበር። በ1974 የወጣው ኤም.ቪ.ኤስ. ግን ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱን 16 ሜጋባይት ሰጠ። ብዙዎች ችግሩ እስከ ወዲያኛው ተወገደ ብለው አሰቡ። ነገር ግን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ፥ ሁሉም የሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞችና ሥራዎች መልእክት የሚለዋወጡበት የጋራ ክፍል በእያንዳንዱ ሥራ ቦታ ውስጥ በተመሳሳይ አድራሻ መታየት ነበረባቸው። የመገናኛ መስመሮችን የሚያስተዳድሩና የመረጃ ጎተራዎችን የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ባደጉ ቁጥር የጋራው ክፍል እየሰፋ፥ የግሉ ክፍል እየጠበበ ሄደ። በአንዳንድ ትላልቅ ድርጅቶች ከ16ቱ ሜጋባይት ለተጠቃሚው ፕሮግራም የሚተርፈው ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆነ። አንዱ ክፍል የጨመረው አገልግሎት የሌላውን ክፍል ቦታ ስለሚቀንስ፥ የጋራው ክፍል መጠን በፕሮግራመሮች ዘንድ የዘወትር ክርክር ምንጭ ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመው ገንዘብ ለዚህ ችግር መድኃኒት አለመሆኑ ነው። የማስታወሻ ዋጋ ወርዶ፥ የቺፕ ማስታወሻ የማግኔት ቀለበቱን ተክቶ፥ በ1980ዎቹ መባቻ 3033 የተባለው ኮምፒዩተር ከ16 ሜጋባይት በላይ እውነተኛ ማስታወሻ እንዲይዝ ተደረገ። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት በገጽ ማውጫ ሠንጠረዦች ውስጥ ሥራ ፈተው የተገኙ ሁለት ቢቶችን ለአድራሻ በመጨመር ነበር። በዚህም እውነተኛው አድራሻ 26 ቢት፥ ወሰኑም 64 ሜጋባይት ሆነ። ሆኖም የፕሮግራሙ ትእዛዝ የሚያወጣው አድራሻ 24 ቢት እንደሆነ ስለቀረ፥ አንድ ፕሮግራም የሚያየው ያንኑ 16 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ጎተራው ሰፍቶ በሩ እንደ ጠበበ ቀረ።

ጎርደን ቤልና ዊልያም ስትሬከር በ1976 የፒ.ዲ.ፒ.-11ን ታሪክ መርምረው ባቀረቡት ጽሑፍ፥ በኮምፒዩተር ንድፍ ውስጥ ለማረም እጅግ የሚያስቸግረው ስሕተት የአድራሻ ቢት ማነስ ነው የሚል አስተያየት ሰጥተዋል። ስለ ፒ.ዲ.ፒ.-11 የተባለው እውነት ነው፤ አድራሻው 16 ቢት ብቻ ነበርና። የሲስተም/360 ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ሬጂስተሩ ከመጀመሪያው 32 ቢት ነበር፤ ቢቱ አላነሰም። የጎደለው ጥበቃ ነው። ያልተጠቀሙበትን ቦታ ዜሮ ካልሆነ አልቀበልም የሚል ኮምፒዩተር ተሠርቶ ቢሆን፥ ወሰኑን ማስፋት የአንድ አዲስ ሞዴል ጉዳይ ብቻ በሆነ ነበር።

መፍትሔው በ1983 ኤም.ቪ.ኤስ./ኤክስ.ኤ. በሚባለው ሲስተም መጣ። አዲሱ አድራሻ 31 ቢት ሲሆን ወሰኑም 2 ጊጋባይት ነው። ለምን 32 እንዳልሆነ የሚጠይቅ አንባቢ ከላይ የተጠቀሰውን የዝርዝር ማብቂያ ምልክት ያስታውስ። ያ የጫፍ ቢት በእጅግ ብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ሥር ሰዶ ስለነበር ሊነቀል አልቻለም፤ ይባስ ብሎ ፕሮግራሙ በ24 ወይም በ31 ቢት አሠራር ላይ መሆኑን የሚያሳየው ምልክትም በዚያው ቢት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ሁለት አሠራር ያለው ሆነ፤ አሮጌው ፕሮግራም በ24፥ አዲሱ በ31 ቢት ይሠራል። በ16 ሜጋባይት ላይ የተሠመረው የማይታይ ድንበር በሙያው ቋንቋ በአጭሩ “መስመሩ” ተባለ። አሮጌ ፕሮግራሞችና በእነርሱ የሚነበቡ ሠንጠረዦች ከመስመሩ በታች፥ አዲሶቹ ከመስመሩ በላይ ይኖራሉ። ፋይል ለመክፈት የሚያገለግለው ዋናው ሠንጠረዥ ዛሬም ከመስመሩ በታች መቀመጥ አለበት። በዚህም ምክንያት ብዙ ጊጋባይት ማስታወሻ ባለው ኮምፒዩተር ላይ አንድ ሥራ ከመስመሩ በታች ያለው ቦታ ስላለቀበት ብቻ 878 የሚል የስሕተት ቁጥር ጽፎ ሊቆም ይችላል። የሌሊቱን የሒሳብ ሥራ የሚጠብቅ ባለሙያ ይህ ቁጥር ሲገጥመው የሚታገለው በ1964 ከተወሰነ ውሳኔ ጋር ነው።

የአፕል ማኪንቶሽ ነዳፊዎችም በ1984 ያንኑ መንገድ ተከትለዋል። የሞቶሮላ 68000 ሬጂስተር 32 ቢት፥ አድራሻው 24 ቢት ስለነበር፥ በላይኛው ባይት ላይ የማስታወሻ ምልክቶች አስቀመጡ። ሙሉ የ32 ቢት አድራሻ በኦፐሬቲንግ ሲስተማቸው ውስጥ የገባው በ1991 ነው።

በ2000 አይ.ቢ.ኤም. ዚ/አርክቴክቸር የሚባለውን ባለ 64 ቢት ንድፍ አወጣ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ዚ/ኦ.ኤስ. ተባለ። በዚህ ጊዜ በ2 ጊጋባይት ላይ ሁለተኛ ድንበር ተሠመረ። ይህኛው ድንበር ግን መስመር ብቻ አልነበረም፤ ስፋት ነበረው። የጫፍ ቢቱ 1 የሆነ የ31 ቢት አድራሻ በስሕተት እንደ 64 ቢት አድራሻ ቢነበብ የሚያርፈው ከ2 እስከ 4 ጊጋባይት ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ፥ ሲስተሙ ሲነደፍ ያ ክልል ሆን ተብሎ ባዶ ተተወ። ስሕተት የሠራ ፕሮግራም የሌላውን መረጃ ከሚያበላሽ ባዶ ሜዳ ላይ ይውደቅ ማለት ነው። በአንዲት ቢት ልማድ ምክንያት 2 ጊጋባይት አድራሻ ጾሙን እንዲያድር የተደረገበት ይህ ውሳኔ፥ ጥሩ ምህንድስና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2003 በገበያ ላይ የዋለው የኤ.ኤም.ዲ. 64 ቢት ፕሮሰሰር ደግሞ ከአድራሻው 48 ቢት ብቻ ሲጠቀም፥ የቀሩት የላይኛዎቹ ቢቶች ሁሉ የ48ኛው ቢት ግልባጭ ካልሆኑ አድራሻውን አይቀበልም። በ1964 ያልተደረገው ጥበቃ ይኸው ነው።

የዲስኩ ታሪክ ከዚሁ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ቢሆንም ፍጻሜው ይለያል። ከ1964 ጀምሮ በዲስክ ላይ ያለ መዝገብ አድራሻ የሚጻፈው ሁለት ባይት ለሲሊንደር፥ ሁለት ባይት ለማንበቢያ ራስ፥ አንድ ባይት ለመዝገቡ ቁጥር በመስጠት ነው። የዘመኑ 2311 ዲስክ 7.25 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ፥ ለሥራ የሚውሉ 200 ሲሊንደሮችና 10 ራሶች ያሉት ስለነበር፥ እስከ 65,536 የሚቆጥር የሲሊንደር ቁጥር የማያልቅ ይመስል ነበር። በ1980 የወጣው 3380 እንኳ በአንድ ቮልዩም 885 ሲሊንደር ብቻ ነበረው። በ1989 የወጣው 3390 የመጀመሪያ ሞዴል 1,113 ሲሊንደር ሲኖረው፥ በየሲሊንደሩ 15 ትራክ፥ በየትራኩ 56,664 ባይት ይይዛል።

ከዚያ በኋላ እነዚህ ግዙፍ ዲስኮች ከገበያ ወጥተው በብዙ ትናንሽ ዲስኮች ስብስብ ተተኩ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ግን ይህን እንዲያውቅ አልተደረገም። የዲስኩ ስብስብ መቆጣጠሪያ ራሱን 3390 አስመስሎ ያቀርባል፤ ሲሊንደሩም፥ ራሱም፥ ትራኩም በስሌት ብቻ ያሉ ናቸው። ዲስኩ ምናባዊ ስለሆነ እንደ ልብ ይሰፋል፤ ሲሊንደሩ ከ3,339 ወደ 10,017፥ ከዚያ ወደ 32,760፥ በመጨረሻም ወደ 65,520 ደረሰ። ይህ 55 ቢሊዮን ባይት ያህል ሲሆን ሁለቱ ባይት እዚያ ላይ አለቁ። ከዚህ ሌላ አንድ ተራ ተከታታይ ፋይል በአንድ ቮልዩም ላይ ከ65,535 ትራክ፥ ማለትም ከ3.7 ቢሊዮን ባይት ያህል በላይ መያዝ አይችልም ነበር፤ የትራኩ ቁጥርም በሁለት ባይት ይጻፍ ስለነበር ነው። ይህ የተፈታው በ2005 በዚ/ኦ.ኤስ. 1.7 ነው።

ሲሊንደሩን በተመለከተ መውጫው የተገኘው ከጎረቤት ባይት ነው። ለማንበቢያ ራስ የተመደበው 16 ቢት ቢሆንም፥ የ3390 ራሶች 15 ብቻ ስለሆኑ 4 ቢት ይበቃቸዋል። የቀሩት 12 ቢቶች በአርባ ዓመት ውስጥ ማንም ምልክት ሳያስቀምጥባቸው ዜሮ ሆነው ቆይተዋል። በ2008 የወጣው ዚ/ኦ.ኤስ. 1.10 እነዚህን 12 ቢቶች ለሲሊንደር ቁጥር ሰጠና ቁጥሩ 28 ቢት ሆነ። የቮልዩሙም መጠን በአንድ ጊዜ ወደ 262,668 ሲሊንደር፥ 223 ቢሊዮን ባይት ያህል አደገ። አድራሻው በርዝመት አንዲት ቢት አልጨመረም።

ሆኖም አሮጌ ፕሮግራሞች የራሱን ቁጥር እንደ ድሮው በ16 ቢት ማንበባቸው ስለማይቀር፥ የመጀመሪያዎቹ 65,520 ሲሊንደሮች በቀድሞው ደንብ እንዲተዳደሩ ተደረገ። ከእነርሱ በላይ ያለው ክልል የሚታደለው በ21 ሲሊንደር ጥቅል ሲሆን፥ በመጀመሪያው ዓመት እንዲገቡበት የተፈቀደላቸው ቪሳም የሚባሉት ፋይሎች ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ የፋይል ዓይነቶች በተከታዮቹ እትሞች ፕሮግራሞቻቸው እየተመረመሩ ተራ በተራ ገቡ።