ጋራዥ ውስጥ የተቀዳው ጊታር

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ አልበሙን ትቼዋለሁ" ብሎ ጻፈልኝ።

ልጁን ለማታውቁት፦ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዴስኩ ጠርዝ ላይ ጣቶቹን ሲያለማምድ የሚውል ልጅ ነበር። እኔ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሳስተምር እሱ ኮርድ ይቆጥራል። አሁን ጊታር ጥሩ አድርጎ ይጫወታል፤ ጃዝ ነው ነፍሱ፤ የራሱንም ዜማዎች ይሠራል። ስቱዲዮዎች በሰዓት የሚጠይቁት ብር አልቀመስ ሲለው፣ ቤቱ ውስጥ በስልኩና በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ መቅዳት ጀምሮ ነበር። በኋላ አንድ የሙያው ሰው ሰማለትና "ቤት የተቀዳ ነገር ሥራ አይባልም፣ ማስታወሻ ነው" አለው። በቃ፣ ልጁ ተሰበረ።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ድምፅ ጥራት ልመክረው አልችልም። ታሪክ ግን አለኝ። ለእሱ ብቻ ከምጽፈው እናንተም አንብቡት ብዬ ነው እዚህ ያወጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሌስ ፖል የሚለውን ስም ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ጊታር ላይ ተጽፎ ይሆናል። የጊብሰን ኩባንያ በ1952 በስሙ ያወጣው ጊታር እስከ ዛሬ ይሸጣል። ሰውዬው ራሱ ግን በ1915 አሜሪካ ውስጥ፣ በዊስኮንሲን ግዛት ዋኪሻ በምትባል ከተማ የተወለደ ጊታሪስት ነው። ገና በልጅነቱ እጁ የማያርፍ ነበር። እናቱ ቤት በተበሳ የወረቀት ጥቅል የሚሠራ ራሱን በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ነበረ፤ ይኸ ልጅ ወረቀቱ ላይ የራሱን ቀዳዳ እየበሳ ዜማ ይጨምርበታል። የእኛ እናቶች ቢሆኑ ምን እንደሚያደርጉት ታውቃላችሁ።

አድጎ ጃዝ ውስጥ ገባ። የጃንጎ ራይንሃርትን አጨዋወት ያመልክ ነበር። በ1944 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተካሄደውና በኋላ በጃዝ ታሪክ ትልቅ ስም ባገኘው "ጃዝ አት ዘ ፊልሃርሞኒክ" የመጀመሪያ ኮንሰርት ላይ፣ ናት ኪንግ ኮል ፒያኖ ሲጫወት እሱ ጊታር ይዞ አጠገቡ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የዘመኑ ትልቅ ዘፋኝ ቢንግ ክሮዝቢ ከእሱ ጊታር ጋር የዘፈነው ዘፈን በአሜሪካ አንደኛ ወጣ።

ይህን ያመጣሁት በምክንያት ነው። ሌስ ፖል ቤቱ መቅዳት የጀመረው የሚያስገባው ስቱዲዮ አጥቶ አይደለም። የፈለገ ስቱዲዮ በሩን ይከፍትለት ነበር። ሶሻል ሚዲያ ላይ "ከምንም ተነሥቶ" እያሉ ታሪክ የሚያጣፍጡ ሰዎች እንደሚያወሩት አይደለም፤ ስም ነበረው፣ ወዳጅ ነበረው፣ ገንዘብም አላጣም። ስቱዲዮ ውስጥ ያጣው ጊዜን ነው። እዚያ ሰዓት ይቆጠራል፤ መሐንዲሱ ከመስታወት ወዲያ ሆኖ ሰዓቱን ያያል፤ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ነገር ሃምሳ ጊዜ ልሞክር ብትል ማንም አይፈቅድልህም።

ደግሞ የእናቱ ነገር አለ። ራሱ ደጋግሞ ሲያወራው እንደኖረው፣ አንድ ቀን እናቱ "በሬዲዮ ሰማሁህ፣ ጥሩ ተጫወትክ" አለችው። እሱ ግን በዚያ ሰዓት ሬዲዮ ላይ አልነበረም። የሰማችው ሌላ ጊታሪስት ነው። የወለደችው እናት ከሌላው ካልለየችው ማን ሊለየው ነው? ከሩቅ ሲሰማ የእሱ መሆኑ የሚታወቅ ድምፅ እስኪያገኝ ድረስ ብሎ ቤቱ ተቀመጠ። ክሮዝቢም የራስህን ስቱዲዮ ሥራ እያለ ሲገፋፋው ነበር። ሆሊውድ ውስጥ የሚኖርበት ቤት ጋራዥ ስቱዲዮ ሆነ።

እዚያ ጋራዥ ውስጥ የሠራውን በቀላሉ ላስረዳ። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ሙዚቃ የሚቀዳው በሸክላ ላይ ነው፤ ሸክላው ይሽከረከራል፣ መርፌው እየቆረጠ ድምፁን ይጽፍበታል። መቅጃውን ሲሠራ ሸክላው እኩል ፍጥነት ይዞ እንዲዞር የካዲላክ መኪና ፍላይዊል አመጣና ገጠመለት። ከዚያ አንድ ጊታር ተጫውቶ በአንዱ ሸክላ ይቀዳል። ያንን ሸክላ ያስከፍትና አብሮት ሁለተኛ ጊታር እየተጫወተ ሁለቱን አንድ ላይ በሌላ ሸክላ ይቀዳል። ሁለተኛውን ከፍቶ ሦስተኛ ይደርባል። አንዳንዱን ደግሞ በግማሽ ፍጥነት ቀድቶ በሙሉ ፍጥነት ሲያጫውተው፣ ጊታሩ የሰው ጣት የማይደርስበት ፍጥነትና ቅጥነት ያገኛል። በ1948 የወጣው "ላቨር" የሚባለው ሥራ እንዲህ ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ስምንት ጊታር ይሰማል፣ ስምንቱም አንድ ሰው ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በተደረበ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ድምፆች እየደበዘዙ፣ የሸክላው ሽሽታ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ሌስ ፖል ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ቢደበዝዙ የማይጎዱትን አጃቢ ድምፆች አስቀድሞ፣ ዋናውን ዜማ መጨረሻ ላይ ይጫወታል። ይኸ ማለት እኮ የመጀመሪያዋን ክር ሳይነካ ሙሉ ሥራው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለቀ መሆን አለበት። ጥሩ ማሽን ያለው ሰው ማድረግ የማይጠበቅበትን ሐሳብ ነው ድሃው ማሽን ያሳሰበው።

"ላቨር" ሲወጣ እሱ ሆስፒታል ነበር። በጥር 1948 ኦክላሆማ ውስጥ በበረዶ በተንሸራተተ መንገድ ላይ መኪናቸው ከድልድይ ወርዳ ቀኝ ክንዱ ክርኑ ላይ ደቀቀ። እንደ ድሮው እንደማይታጠፍና እንደማይዘረጋ ሐኪሞቹ ሲነግሩት፣ እንግዲያው ጊታር ማቀፍ በምችልበት ማዕዘን አድርጋችሁ ግጠሙልኝ አላቸው። ቀሪ ዕድሜውን በዚያ በታጠፈ ክንድ ነው የተጫወተው። ከዚያም በፊት በ1941 ኒውዮርክ በሚኖርበት አፓርታማ ምድር ቤት ሽቦ ሲነካካ ኤሌክትሪክ ይዞት ለጥቂት ነው የተረፈው። (ይህችን ዐረፍተ ነገር ተማሪዬ ሁለት ጊዜ እንዲያነባት እፈልጋለሁ። የዚያን ሶኬትህን ፎቶ አይቼዋለሁ።)

አሁን ክፍል ውስጥ ኮርድ ሲቆጠርበት ወዳመለጠው ትምህርት ልመለስ። መግነጢሳዊ ቴፕን ለሙዚቃ ብቁ አድርገው ያሳደጉት ጀርመኖች ናቸው። ጦርነቱ ሲያልቅ ጃክ መሊን የሚባል የአሜሪካ ጦር ባልደረባ ሁለት የጀርመን ቴፕ መቅጃ ፈታቶ ወደ አገሩ ላከ። ክሮዝቢ በየሳምንቱ ሬዲዮ ላይ በቀጥታ መዝፈን ሰልችቶት ስለነበር፣ ነገሩን ሲያይ አምፔክስ ለሚባል ትንሽ ኩባንያ 50,000 ዶላር አውጥቶ አሜሪካዊው ቴፕ እንዲሠራ አደረገ። በ1949 ከነዚያ ማሽኖች አንዱን ለሌስ ፖል በስጦታ ሰጠው።

ቴፑ አንድ ትራክ ብቻ ነው ያለው። ቴፕ ፈታታችሁ የምታውቁ ሰዎች ይገባችኋል፦ ክሩ መጀመሪያ በማጥፊያው ሄድ፣ ቀጥሎ በመቅጃው፣ ቀጥሎ በማጫወቻው ሄድ ያልፋል። ሌስ ፖል ከማጥፊያው በፊት አንድ ተጨማሪ ማጫወቻ ሄድ ገጠመ። አሮጌው ድምፅ ሊጠፋ ሲል ይነበባል፣ እሱ በቀጥታ ከሚጫወተው ጋር ይቀላቀላል፣ ሁለቱ አንድ ላይ በዚያው ክር ላይ እንደ አዲስ ይቀዳሉ። ከእንግዲህ መሣሪያው በመኪና ይጫናል፤ ሆቴል ክፍልም ስቱዲዮ ይሆናል።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ድርብ የቀደመውን ያጠፋዋል። ወደኋላ መመለሻ የለም። ስድስተኛው ድርብ ላይ ጣትህ ብትስት፣ ስልክ ቢጮህ፣ ከላይ አውሮፕላን ቢያልፍ፣ አምስቱም አብረው ሄዱ፤ ከአንድ ትጀምራለህ። እኛ መብራት በሄደ ቁጥር ያልተቀመጠ ፋይል የሚጠፋብን ሰዎች ይኸ ስሜት አይጠፋንም።

እሱና ባለቤቱ ሜሪ ፎርድ በ1951 መጀመሪያ "ሃው ሃይ ዘ ሙን"ን የቀዱት በዚህ መንገድ ነው። ቦታው ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ጃክሰን ሃይትስ የሚባል ሰፈር ያለ መኖሪያ አፓርታማቸው ነው። ሰፈሩ ከላጋርድያ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም አይርቅም። ሜሪ የራሷን ድምፅ በራሷ ላይ እየደረበች ትዘፍናለች፤ በዘመኑ ዘፋኝ ከማይክ ራቅ ብሎ ሲቆም እሷ ግን ከንፈሯን ልታስነካው ምንም አይቀራት። ያ ቅርበት ነው ጆሮ ሥር የሚያንሾካሹክ የሚመስለው። ዘፈኑ በአሜሪካ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በፊት በ1950 ካፒቶል ኩባንያ "አዲሱ ድምፅ" የሚል ትርጉም ያለው አልበም አውጥቶለት ነበር። "ላቨር" እዚያ ውስጥ አለ። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ "ማስታወሻ" አላሉትም።

ታሪኩን ሳሳምር እንዳልዋሽ ግን ሜሪን ላንሣ። ስለ እነሱ የሚጻፈው ሁሉ የእሱን ብልሃት ሲቆጥር ነው የሚውለው። ከአንድ ሰው ላይ ያን ሁሉ ድምፅ አውጥታ፣ የራሷን እስትንፋስ ከራሷ እስትንፋስ ጋር እኩል አድርጋ፣ አንድ ስህተት ሁሉን በሚያጠፋበት ማሽን ፊት የቆመችው እሷ ናት። በ1950ዎቹ የቴሌቪዥን ዝግጅታቸው እንኳ "ቤት ውስጥ" የሚል ነበር ርዕሱ፤ ኒው ጀርሲ ባለው ቤታቸው ነው የሚቀረጸው። ሳሎኑም ኩሽናውም ሥራ ቦታ የሆነበት ሰው የት ሄዶ ያርፋል? በ1964 ተፋቱ። ሜሪ በ1977 በ53 ዓመቷ አረፈች። እሱ እስከ 94 ዓመቱ ኖሮ በ2009 ሞተ፤ እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ ሰኞ ሰኞ ማታ ኒውዮርክ ክለብ ውስጥ ይጫወት ነበር። ብቻውን መቅዳት የጀመረ ሁሉ ብቻውን አይደለም፤ ግድግዳው ወዲያ የሚተኛ ሰው አለ። ልጄ፣ እናትህ ጠዋት ሥራ እንደምትገባ አትርሳ።

ራስን በራስ ላይ መደረብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ወዳጁ ስቱዲዮ ገብቶ፣ አኮርዲዮኑን፣ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የሪትም ማሽኑን ብቻውን ደራርቦ አንድ ካሴት ሠራ። ከኋላው የሚያጅበው ባንድ አልነበረም። በኋላ በዚያው ከተማ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ኪቦርዱን የመኪናው ኮፈን ውስጥ ይዞ፣ ደንበኛ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው 28 ዓመት አልፎታል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች የሚዞረው በዚያ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ተማሪዬ። የላክልኝን ሦስቱንም ሰምቻቸዋለሁ። ሁለተኛው ላይ የጎረቤታችሁ ዶሮ ይጮኻል፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ በር ይንኳኳል። ያ ባለሙያ የተናገረው ድምፁን በሚመለከት ልክ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አልከራከርም። የመጀመሪያውን ዜማ ግን ሳላስበው ትናንት ሰሌዳ እየጠረግኩ ሳንጎራጉረው ተማሪዎቼ "ቲቸር የማን ዘፈን ነው?" ብለው ጠይቀውኛል። የአንተ ነው አልኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ሰው የለም። ዶሮም የለም። ግድግዳው ላይ የምንሰቅለው ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ አለኝ፣ የላፕቶፕህን ቻርጀር ብቻ እንዳትረሳ። ስምንት ሰዓት ላይ እጠብቅሃለሁ።